ከዘይቱ በፊት

የዕለቱ ንባብ፦ ዘሌዋውያን 14፥1-20

በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የት እንደሚሰበሰቡ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ወደ ጆተኒ ይመሯችኋል። በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመ ጠረጴዛ፣ ስምንት የብረት ዘንግ፣ በየወገኑ 11 ተጫዋች። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሰርልስ ቶርንተን ለእንዲህ ያለ የጠረጴዛ ኳስ የፈጠራ መብት የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ጨዋታው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ መብራት ሲጠፋ አይቆምም። የሚያቆመው አቧራ ነው።

ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች አንዱ የሚተዳደረው እነዚህን ጠረጴዛዎች በመጠገን ነው። አንዳንድ ወገኖች፣ “ያመነ ልጅ ጆተኒ ቤት ምን ያደርጋል?” ይሉኛል። ውርርድን እኔም አልደግፍም፤ እሱም ልጆች በገንዘብ ከሚወራረዱበት ቤት ሥራ አይቀበልም። በእጁ ሥራ እናቱን የሚጦር ልጅ ነው። እኔ ግን ከእርሱ አንድ ትምህርት ስላገኘሁ ዛሬ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

ከሚኤሶ የመጣ አሮጌ ጠረጴዛ ሲጠግን አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ዘንጎቹ አልዞር ብለዋል። ባለቤቱ በየሳምንቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያፈስበት እንደነበር ነገረኝ። “ታዲያ ዘይት ከጠጣ ምን ሆነ?” አልኩት።

“ፓስተር፣ ችግሩ እሱ ነው” አለኝ። “አቧራው ሳይጠረግ ዘይት ሲፈስበት አቧራውን ይዞ ያስቀረዋል። ሁለቱ ተቦክተው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይበሉታል። ለጊዜው ይለሰልስና ደስ ይልዎታል፤ ውስጥ ውስጡን ግን እየጨረሰው ነው።”

ሥራውን ተከታተልኩ። ተጫዋቾቹን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታ፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ አወጣ። በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ጥቁሩን ጭቃ ጠረገ፤ ዝገቱን በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ። ዘንጉ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች እንጨት ላይ በጠቀለለው ጨርቅ ደጋግሞ አጸዳ። ኳሶቹን በሳሙና አጥቦ አደረቀ። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ወሰደ። ዘይቱ የመጣው በመጨረሻ ነው፤ በየዘንጉ ሦስት አራት ጠብታ፣ ትርፉም ወዲያው ተጠረገ። በጃፓን በትንንሽ የብረት ኳሶች የሚጫወቱበት ፓቺንኮ የሚባል ማሽን አለ። አሮጌዎቹን ፓቺንኮዎች የሚንከባከቡ ሰዎችም ኳሶቹን አጥበው ያደርቃሉ እንጂ ዘይት አይቀቡም፤ ምክንያቱም ዘይት የነካው ኳስ አቧራ እየሰበሰበ ማሽኑን ሁሉ ያቆሽሻል።

ወገኖቼ፣ ይህ ቅደም ተከተል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም አለ። ዘሌዋውያን 14ን ስናነብ ከለምጽ የነጻው ሰው ወደ ሕዝቡ ሲመለስ ካህኑ የበደል መሥዋዕቱን ደም በቀኝ ጆሮው ጫፍ፣ በቀኝ እጁና በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ ያደርጋል (ቁ. 14)። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ የሚደረገውም በዚያው በደሙ ላይ ነው (ቁ. 17)። ደም ያልነካው ጆሮ በዘይት አልተቀባም። አሮንም በመጀመሪያ በውኃ ታጠበ፣ ልብሰ ክህነቱን ለበሰ፣ ከዚያ ዘይቱ በራሱ ላይ ፈሰሰ (ዘፀአት 29፥4-7)። ጴጥሮስም በበዓለ ኀምሳ ቀን ልባቸው ለተነካ ሰዎች አስቀድሞ የነገራቸው ንስሐን ነው (የሐዋርያት ሥራ 2፥38)። በቆርኔሌዎስ ቤት መንፈስ ቅዱስ ከውኃ ጥምቀት በፊት ወረደ፤ እዚያም ቢሆን እግዚአብሔር ልባቸውን በእምነት እንዳነጻ ጴጥሮስ ራሱ መስክሯል (15፥9)።

እኛ ግን ዘይቱን እንወዳለን፣ መታጠቡን እንሸሻለን። ቅባት እንለምናለን፤ የታረቅነው ሰው ግን የለም። ኮንፍራንስ እናዘጋጃለን፣ ሦስት ቀን እንዘምራለን፣ እናለቅሳለን። ለጊዜው ሁሉ ነገር ይለሰልሳል። ሰኞ ግን ያው ቂም፣ ያው ሐሜት፣ አሁን ደግሞ በመንፈሳዊ ቋንቋ ተለውሶ ይመጣል። እንዲህ ያለው ቂም ከተራ ቂም ይከፋል፤ የያዘው ሰው ጸሎት ይመስለዋልና።

በዞናችን ባለች አንዲት ጉባኤ፣ በቡና ንግድ አብረው ሲሠሩ በሒሳብ የተጣሉ ሁለት ወንድሞች ነበሩ። ሁለት ዓመት በአንድ አዳራሽ ሲያመልኩ ሰላም አልተባባሉም። ቤተ ክርስቲያኒቱ የመነቃቃት ኮንፍራንስ አቅዳ፣ እንግዳ አገልጋይ ጠርታ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ተጨንቀው ተመካከሩና ኮንፍራንሱን አራዘሙት። “መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን እንያዝ” አሉ። ብዙ ሰው አጉረመረመ።

አንደኛው ወንድም ያስቀረውን ገንዘብ ይዞ ወደ ሌላው ቤት ሄደ። ዘኍልቍ 5፥7 በደለኛ ኃጢአቱን ተናዝዞ የወሰደውን ከነአምስተኛው ጨምሮ እንዲመልስ ያዝዛል፤ እርሱም እንዲሁ አደረገ። ያኛው ገንዘቡን ተቀበለ፣ እጁን ግን ገና አልዘረጋለትም። እስከ ዛሬ እየጸለይን ነው። የኮንፍራንሱ ቀን አልተቆረጠም። ሽማግሌዎቹ ግን በመጠበቃቸው አልተጸጸቱም፤ እኔም ትክክል ናቸው እላለሁ። ጌታችን መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ አላዘዘንም? (ማቴዎስ 5፥23-24)

ምናልባት ይህን የምታነቡ ገና ወደ ጌታ ያልመጣችሁ ትኖሩ ይሆናል። “እንግዲያው ራሴን አጽድቼ ልምጣ” አትበሉ። ዘንግ ራሱን አይጠርግም። አሮን ራሱን አላጠበም፤ ሙሴ አጠበው። ለምጻሙም ወደ ሰፈሩ ከመግባቱ በፊት ካህኑ ከሰፈር ውጭ ወደ እርሱ ወጣ (ዘሌዋውያን 14፥3)። ኢየሱስም ከከተማ ውጭ የተሰቀለው እዚያው ውጭ ላለነው ነው። ከእናንተ የሚፈለገው ኃጢአታችሁን መደበቁን ትታችሁ በእምነት ወደ እርሱ መቅረብ ብቻ ነው። ብንናዘዝ ይቅር የሚልና የሚያነጻ ታማኝ አምላክ ነው (1ኛ ዮሐንስ 1፥9)።

እናንተ የቆያችሁ ምእመናን ደግሞ በዚህ ሳምንት ቅባት ከመለመናችሁ በፊት አንድ ስም አስቡ። ስሙ ሲነሳ ልባችሁ የሚከብድበት ሰው ማን ነው? የሚመለስ ገንዘብ ካለ መልሱ። የሚባል ቃል ካለ ሄዳችሁ በሉት። ባይቀበላችሁ እንኳ የእናንተን ድርሻ ፈጽሙ።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ ሳትነጻን እንዳትቀባን እንለምንሃለን። ጆሮአችንን፣ እጃችንን፣ እግራችንን በደምህ ንካ። ከዚያም በመንፈስህ ሙላን። ገና እጁን ያልዘረጋውን ወንድማችንን አስብ፤ ሸክሙ እንዳይበላው አድነው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።