ሽቦና ጎረቤቱ

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ፋብሪካ ስንጽፍ ሠራተኛውን እንጂ ሽቦውን አናነሣም። ነገር ግን የሠራተኛው እጅ በደኅና መዋሉ በሽቦው አዘረጋግ ጭምር ነው። ፋራዴይ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1831 እንዳሳየው፥ በአንዱ ሽቦ የሚለዋወጥ ኮረንቲ በጎረቤቱ ሽቦ ላይ ሌላ ኮረንቲ ያስነሣል። የሞተሩ ወፍራም ሽቦ ከመቆጣጠሪያው ቀጭን ሽቦ ጋራ ተጣብቆ ከተዘረጋ፥ መኪናው ማንም ሳያዘው ሊነሣ ወይም ሊቆም ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሁለቱን ማራራቅ፥ መተላለፍ ግድ ሲሆን በመስቀለኛ ማሻገር፥ ቀጭኑን ጥንድ ሽቦ እንደ ገመድ መግመድ። ይህ ግን መሣሪያው ሲተከል ካልተደረገ፥ ኋላ ማፍረስን ይጠይቃል። ስለዚህ ለምረቃ በዓል ተብሎ ሥራው ሲጣደፍ ብናይ፥ ከማጨብጨባችን በፊት ሽቦው እንዴት ተዘረጋ ብለን እንጠይቅ።