የሁለት ቁና ጤፍ ሐቅ

ዛሬ ጁምዓ ተሰግዶ ሰዉ ሲበተን፣ ከይስማ ንጉሥ በኩል አንድ አባት ስልቻ ተሸክመው መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ። በመልክ አውቃቸዋለሁ። ከአባቴ ጋር ገበያ ሲወርዱ ሲወጡ እያየሁ ነው ያደግኩት። ክርስቲያን ናቸው፤ ማተባቸው ከጋቢያቸው ሥር ይታያል። እናቴ «አያ፣ ይግቡ እንጂ» ብትላቸው እምቢ አሉ። «መጀመሪያ ይሄን ተረከቡኝ» ብለው ስልቻውን መደቡ ላይ አሳረፉት።

ሁለት ቁና ጤፍ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2014 ጦርነት ጊዜ እኛ ወደ ደሴ ስንሸሽ እሳቸው የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ቀርተው ነበር። እዚህ ውጫሌ የነበራችሁ የዚያን ጊዜውን ርሀብ ታውቁታላችሁ፤ ያልነበራችሁትም ሰምታችኋል። ቤታችን ተሰብሯል፣ በሩ ተገንጥሏል፣ ጎታው ተበርግዷል። እሳቸው በተከፈተ ቤት ገብተው ከጎታው ሥር የቀረውን ጠራርገው ለልጆቹ ወሰዱ። ስንመለስ እኛ ጎታውን ጦር ነው የገለበጠው ብለን ትተነዋል፤ እሳቸውም ለአባቴ ለመንገር አፈሩ። አባቴ ሳያውቅ ወደ አኼራ ሄደ።

«እዚህ ጋ ተቀምጦብኛል» አሉ ደረታቸውን እየነኩ። «ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ለነፍስ አባቴ ብነግረው ቅበላው ሳያልፍ መልስ አለኝ።»

እኔ ቶሎ ብዬ «አባባ፣ አውፍ ብለናል፤ ለልጆች ነው የወሰዱት፣ ሐላል ይሁንልዎት» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና «አባትሽ የወለደው አንቺን ብቻ ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የሟች ሐቅ የወራሾች ሁሉ ነው። እኔ አውፍ ማለት የምችለው የራሴን ድርሻ ነው። የእናቴ ስምንተኛ አለ፣ የወንድሜ አለ፣ የእህቴ አለ። ይሄን መድረሳ ቁጭ ብዬ ተምሬዋለሁ፤ ዛሬ ግን ያስታወሱኝ ማተብ ያሰሩ አባት ናቸው። ለወንድሜ ኮምቦልቻ ደወልኩ፤ ወዲያው «አውፍ ብያለሁ» አለ። ለእህቴ ሪያድ በኢሞ ደወልኩ፤ አታነሳም። «እጠብቃለሁ» ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

እስከዚያ እናቴ ቡና አፈላች። እሳቸው ዓርብ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም አሉ። እኔ ቀዷ ላይ ነኝ። እናቴ በስኳር በሽታዋ ምክንያት መጾም አትችልም፤ ፊድያ ነው የምናወጣላት። ግራና ቀኝ አየችንና «ሁላችሁም ጾመኛ ከሆናችሁ እኔ ከጀበናው ጋር ልጠጣ ነው?» አለች። እሳቸው በሳቅ ፈረሱ። አባቴ ከሞተ ወዲህ በዚያ መደብ ላይ እንደዚያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

ቀዷ ካልኩ አይቀር፣ እህቶች፣ ያላለቀባችሁ አብሽሩ፣ ቀን አለ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የረመዳን ቀዷዋን የምታወጣው በሸዕባን እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ከረመዳን ውጭ እንደ ሸዕባን አብዝተው የጾሙት ወር የለም። ሶሓባው ኡሳማ ምክንያቱን ቢጠይቃቸው፣ በረጀብና በረመዳን መካከል ሰው የሚዘናጋበት፣ ሥራ ወደ አላህ የሚወጣበት ወር ነው ብለውታል። እኛ ግን ሸዕባንን በርበሬ ስንፈጭና የሾርባ እህል ስንሸከሽክ ጨረስነው። ጾም ለጎደለበት ቀን ተገኝቶለታል፤ የሰው ሐቅ ቀዷው ወደ ሰውየው ሄዶ መመለስ ብቻ ነው።

እህቴ ወደ ዓስር ገደማ የድምፅ መልእክት ላከች። ሹክ እያለች ነው የምታወራው፤ ከጀርባዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል። «የኔን ድርሻ አውፍ ብያለሁ፣ ሐላል ይሁንላቸው። የኔንም ሐቅ አላህ ያስመልስልኝ።» በቃ፣ ይሄው ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ጤፉ መጻፍ ነበር ሐሳቤ፤ አልሆነልኝም።

እህቴ ደመወዝ ካየች ወራት አልፈዋል። ስትጠይቅ የምታገኘው መልስ «ከረመዳን በኋላ» ነው። አሠሪዋ ለረመዳን አዲስ መጋረጃ ገዝታለች፣ አዲስ ሰሐን ገዝታለች፣ ሳሎኗን በፋኖስ አስጊጣለች። ያንን ሁሉ የሰቀለችው፣ ያጠበችው፣ ያብረቀረቀችው እህቴ ናት። ዐረብ አገር የሠራችሁ የወሎ ልጆች ረመዳን እዚያ ቤት ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከዓስር በፊት ምድጃ ላይ ትቆማለሽ። ከተራዊህ በኋላ እንግዳው ይገባል። እንግዳው ሳይወጣ ሰሁር ይደርሳል። ፈጅር ተሰግዶ ቤተሰቡ ሲተኛ ዕቃው ያንቺ ነው፤ ዕቃው ሲያልቅ ሕፃናቱ ይነሳሉ። አምና እህቴ አዛን ሲል ተምሯን አፏ ውስጥ አድርጋ፣ ቆማ፣ ሾርባ እያቀበለች ነው ያፈጠረችው። ቁጭ ብላ አላፈጠረችም። ይሄን የነገረችኝ እንደ ቀልድ ነው፤ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

አላህ በቂያማ ቀን እኔ ራሴ ባላጋራቸው ነኝ ካላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ሥራውን በሙሉ አሠርቶ፣ ደመወዙን የከለከለ ነው። ሐዲሱ ቡኻሪ ላይ አለ። ያቺ ሴትዮም ሳታውቀው አትቀርም፤ ቁርኣን ታኸትማለች፣ ተራዊህ አያመልጣትም። አላህ ባላጋራሽ ሆኖ ቆሞ ማንን ብለሽ ነው ሌሊቱን የምትቆሚው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦችን ክስረተኛ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁን ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ገንዘብና ዕቃ የሌለው ነው አሉ። እሳቸው ግን ክስረተኛው በቂያማ ቀን ሰላቱን፣ ጾሙንና ዘካውን ይዞ የሚመጣ ነው አሏቸው። ግን ሰውን የሰደበ፣ የሰው ስም ያጠፋ፣ የሰው ገንዘብ የበላ፣ የመታ ነው፤ የበደላቸው ሁሉ ከመልካም ሥራው እየተነሣ ይከፈላቸዋል፣ ሲያልቅበት የእነሱ ኃጢአት ይጫንበታል። ልብ በሉ፣ ሰውየው ጾሙን አልጣለም። ጾሟል። ጾሙ ግን ለሰዎቹ ተከፍሎ አለቀ።

አሁን ስልኬን ከፈትኩ። «አውቄም ሆነ ሳላውቅ ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ረመዳን ከመግባቱ በፊት አፉ በሉኝ» የሚለው ጽሑፍ ዘንድሮም መጥቷል። አበባ አለበት፣ ጨረቃ አለበት። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው ለሁሉም ይልከዋል፣ ሁሉም መልሶ ለሁሉም ይልከዋል። ላኪዎቹን አልጠላም፤ አብዛኞቹ የልባቸውን ነው። አንዱ ላኪ ግን የቤተሰባችንን ገንዘብ በልቶ ስልክ ማንሳት ያቆመ ሰው ነው። እሱም ጨረቃዋን ልኮልኛል። እኔም አፉ ብያለሁ ልበለው? ገንዘቡን ይመልስና ከዚያ እንነጋገራለን። አቅም ካጣም መጥቶ አጣሁ ይበለኝ፤ ወላሂ እናቴ ቡና አፍልታ ነው የምትቀበለው።

ሰኞና ሐሙስ ሥራ ሲቀርብ በአላህ ላይ ምንም ያላጋራ ሁሉ ይማራል፤ በመካከላቸው ቂም ያለባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ እስኪታረቁ ድረስ ተዋቸው ይባላል። ይሄ ሰሒሕ ሙስሊም ላይ የመጣ ሐዲስ ነው። ዘንድሮ እንግዲህ ሰኞ ክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ይገባሉ፣ የእኛ ረመዳን ረቡዕ ወይ ሐሙስ ነው። እዚህ ውጫሌ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሳይቀር ሁለቱ ጾም በአንድ ሳምንት ሊገባ ነው። እኛ ደግሞ ፌስቡክ ላይ ተራዊህ 8 ነው 20 ነው እየተባባልን፣ በአባቶቻችን ወዳጃና መንዙማ እየተሰዳደብን ልንገባ ነው። 8 የሚሰግደውም 20 የሚሰግደውም የሰደበው ሰው ሐቅ አለበት። ለዛሬ በዚህ ልለፈው።

እሪ የሚያሰኘኝ ሌላው ነገር እዚሁ አጠገባችን ነው። ሪያድን ብቻ ብወቅስ አላህ አይወደውም። ደሴ፣ ሐይቅ፣ እዚሁ ውጫሌ፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ያልቀጠረ ባለሱቅ ስንት ነው? ለሰሁር ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። ተራዊህ ስንሄድ በር ዘግታ፣ ሕፃን ይዛ የምትቀረው እሷ ናት። ደመወዜ ስትል «አገርሽ ስትሄጂ በአንዴ ትወስጂዋለሽ» ትባላለች፤ አገሯ ልትሄድ ስትል ደግሞ የተሰበረ ብርጭቆ ይቆጠርባታል። የእህታችንን ሐቅ ዐረብ በላው ብለን የምናለቅስ ሰዎች የሌላውን እህት ሐቅ ሳሎናችን ውስጥ ይዘን ነው የምናለቅሰው።

ከአባትየው ጋር እንዴት እንደተለያየን ልንገራችሁ። ሁላችንም አውፍ ብንልም ጤፉን ይዤ አልመለስም አሉ። እናቴ ተቀበለቻቸው። ጤፉን ገለበጠችና ስልቻው ባዶውን አይወጣም ብላ ለጾማቸው ሽምብራ ሞላችበት። «ይሄ ደግሞ ሌላ ዕዳ ሊሆንብኝ ነው» አሉ። «የልጆቼ አባት ሰደቃ ነው» አለቻቸው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ቡናውን ጠጡ። እህቴን በስሟ ጠርተው ሐቋን እንዲያስመልስላት መረቁ፤ እኔና እናቴ አሚን አልን። ጤፉን፣ ወንድሜ ለመድረሳው ልጆች ይሰጥ ስላለ፣ ነገ እንሰጣቸዋለን።

እንግዲህ ማክሰኞ ማታ ጨረቃ ትፈለጋለች። አራት ቀን አለን። ቤታችሁ የምትሠራ ልጅ ካለች ያለባችሁን ደመወዝ ዛሬ ማታ ቆጥራችሁ እጇ ላይ አድርጉላት፤ ተራዊህ እንድትሄድም የቤቱ ሰው ተራ ይግባላት። ዐረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ የተያዘባችሁን ደመወዝ ወርና መጠኑን ጽፋችሁ ያዙ፣ ለቤተሰብም ላኩ። ለእህቴ ዱዓ አድርጉላት።