ጀግናው ሞቶ ነበርን?

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ስለ ጨዋታ ነው ብለህ ገጹን ሳትገልጥ ጥቂት ታገሠኝ፤ የማነሣው የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነውና።

የጃፓኑ ኒንተንዶ ኩባንያ «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ» የተባለውን ጨዋታ የመጀመሪያ ክፍል ያወጣው በ1986 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍሎች ተከታትለዋል። ሊንክ የሚባለው ወጣት ጀግና በሁሉም አለ፤ ጋኖን የሚባለውም ክፉ ብዙ ጊዜ አይታጣም። ነገር ግን ክፍሎቹ የወጡት በታሪኩ ቅደም ተከተል ስላልሆነ፥ የትኛው የትኛውን እንደሚቀድም ተጫዋቾችን ሲያከራክር ኖሯል።

የክርክሩ ሥር ያለው በ1998 በወጣው «ኦካሪና ኦቭ ታይም» ላይ ነው። ሊንክ በልጅነቱ ሰይፉን ሲነቅል ሰባት ዓመት እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ጎልምሶ ይነቃና ጋኖንን ድል ያደርጋል፤ ከዚያም ልዕልት ዜልዳ ወደ ልጅነቱ ዘመን ትመልሰዋለች። እንግዲህ ዘመኑ ለሁለት ቢከፈል አይደንቅም፤ አንዱ ጀግናው ትቶት የሄደው፥ ሌላው ተመልሶ ያደገበት ነው። በ2002ቱ ክፍል አገሪቱ በውኃ ሰጥማ መታየቷ፥ በ2006ቱ ደግሞ ደረቅ ምድር መሆኗ በዚህ ይፈታል። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ።

በ2011 ግን «ሃይሩል ሂስቶሪያ» የተባለው መጽሐፍ በጃፓን ታትሞ ሦስተኛ ቅርንጫፍ ጨመረ፤ ይኸውም ሊንክ በመጨረሻው ፍልሚያ ተሸንፎ የወደቀበት ነው። የ1986ቱና የ1991ዱ ጨዋታዎች በዚህ ሥር ተመደቡ። ይህን ፍጻሜ «ኦካሪና» ራሱ አይተርከውም። እርግጥ እኔም በጋኖን እጅ ስንት ጊዜ ወድቄአለሁ፤ ግን በወደቅሁ ቁጥር ተነሥቼአለሁ። ታናሽ ወንድሜና እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ደክመን ያገኘነው ድል በአንድ ገጽ ሥዕል ከሦስት ዕድሎች አንዱ ብቻ ሆነ።

ወንድሜ «ያለዚያ የድሮዎቹን ጨዋታዎች የት ልታስቀምጣቸው ነው?» ይለኛል። የትም! ያለ ዓመተ ምሕረት ይቀመጡ። የአገራችን ጥንታዊ የነገሥታት ዝርዝሮችም ከብራና ብራና ይለያያሉ፤ ነገር ግን ለማስማማት ሲል አንዱን ንጉሥ ሞቶም ነግሦም ነበር ያለ ሊቅ አልሰማሁም።

ደግሞስ ልፋቱ መች አለቀ? በ2023 የወጣው «ቲርስ ኦቭ ዘ ኪንግደም» የመንግሥቱ መሥራች ራውሩ ከጋኖንዶርፍ ጋር ሲዋጋ ያሳያል። በ«ኦካሪና» ግን ጋኖንዶርፍ የሚመጣው ቀድሞ ወደ ቆመ መንግሥት ነው። ወንድሜ በደብተሩ ጀርባ አራተኛ ቅርንጫፍ መሳል ጀምሯል፤ እርሳሱን ደብቄበታለሁ።