የእንጀራ መንገድ ሲዘጋ

ሰው ሥራውን ባጣ ጊዜ የሚያጣው ደመወዙን ብቻ አይደለም። ማለዳ ተነሥቶ የሚሄድበትን ስፍራ፥ በመሥሪያ ቤቱ የሚጠራበትን ማዕረግ፥ በመንገድ የሚቀበለውን ሰላምታ ሳይቀር አብሮ ያጣ ይመስለዋል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ጥፋት እንደ ተገኘበት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ዳሩ ግን ሥራ የሚጠፋው ሁልጊዜ በሠራተኛው በደል አይደለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ የቀድሞው ሠራዊት በፈረሰ ጊዜ ብዙ መቶ ሺህ ወታደር ያለ ደመወዝ ወደየቤቱ ተመልሷል። በቅርቡም በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜ፥ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ሕመምተኛ ይረዱ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ ሆኗል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በስንፍናው ተባረረ የሚባል ማን ነው?

እኛም በደቡብ ጎንደር፥ በደራ ወረዳ፥ በአንበሳሜ ከተማ ስንኖር ይኸው ዕጣ ደርሶናል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ሒሳብ የያዝንበት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ስላጠረው ከሚቀነሱት አንዱ ሆንን። በዚያን ጊዜ ታላቂቱ ልጃችን ባሕር ዳር ቤት ተከራይታ በአንድ የግል ኮሌጅ ትማር ነበር፤ ሁለቱ ታናናሾቿም ገና ከእጃችን አልወጡም ነበር። ደብዳቤውን በተቀበልንበት ቀን ማታ ነገሩን ለባለቤታችን ገልጠን ነገርናት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ፥ «ደመወዙ ቀረ እንጂ እጅህ አልቀረ። ይልቅስ በጎታው ያለውን እንወቅ» አለችን።

በዚያው ሌሊት በቤት ያለውንና ከቤት የሚወጣውን በወረቀት ላይ ለይተን ጻፍን። ጭንቀት በልብ ሲብሰለሰል ልክ የለውም፤ በቁጥር ሲጻፍ ግን ወሰን ያገኛል። ለቤተሰብ ሁሉ የሚጠቅም ስለ ሆነ ሕጉንም እንጠቅሳለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቅነሳ ለተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፥ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ የስንብት ክፍያ ይፈቅድለታል፤ ይህም ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አያልፍም። ቅነሳ በመሆኑም የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። ስለዚህ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሰው የሚደርሰው 80 ቀንና 60 ቀን፥ በጠቅላላው የ140 ቀን ደመወዝ ነው። ይህን ከነሥራ ልምድ ማስረጃው ተቀብሎ መውጣት መብት ነውና ማንም አይፈርበት።

ከዚያ ቀጥሎ የቤቱን ሥርዓት አስተካከልን። ከዕቁቡ አስፈቅደን ወጣን፤ ዕድሩን ግን አልተውንም፤ ችግረኛ ከሰው መካከል ከወጣ ችግሩ እጥፍ ይሆናልና። የጽዋ ማኅበር ተራ በደረሰብን ጊዜ ድግሱ በንፍሮና በጠላ ብቻ ሆነ፤ ማኅበርተኞቹም እንደ ወትሮው መርቀው ሄዱ። ለልጃችን የቤት ኪራይ አንዲት ጊደር ሸጥን። እኛም ሥራ እንደ ነበረን ሁሉ ማለዳ ተነሥተን፥ ጸሎታችንን አድርሰን፥ ልብሳችንን ለብሰን ከቤት መውጣትን ልማድ አደረግን። እስከ ቀትር ማመልከቻ እንጽፋለን፤ ከቀትር በኋላ በቤቱ ያለውን ሥራ እናግዛለን።

ይሁን እንጂ ቀኑ ሁሉ እኩል አልነበረም። ዘጠኝ ማመልከቻ ልከን ለሰባቱ መልስ እንኳ አልመጣም። በአምስተኛው ወር ልጃችን ስልክ ደውላ፥ «አባዬ፥ ትምህርቱን ላቋርጥና ሥራ ልፈልግ» ስትለን ከስንብቱ ደብዳቤ ይልቅ ይህ ቃል ልባችንን ሰበረው። ከባለቤታችን ጋር መክረን፥ «እስከ ሰኔ ተማሪ፤ በሰኔ ደግሞ ተሰብስበን እንመክራለን» ብለን መለስንላት። ዘላለሙን እንዴት እንደምንኖር ባናውቅም እስከ ሰኔ የሚያደርሰንን እናውቅ ነበር። ተስፋ ማለት የሩቁን ሁሉ ማየት ሳይሆን እስከሚታየው ድረስ መሄድ መሆኑን የተማርነው በዚያን ጊዜ ነው።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌው ከደጃችን አይርቅም። ከጉማራ ወንዝ ማዶ ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ቀድሞ በዚያ ወራት ከግጦሽ በቀር ብዙ ጥቅም አይሰጥም ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ግን በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ፤ ኤክስ ጅግና የሚባለውም ዘር በአገሩ ተስፋፋ። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። ገበሬው ውኃው እስኪሄድለት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በውኃው ውስጥ የሚበቅለውን ዘር ተቀበለ እንጂ።

እኛም የቀድሞው ዓይነት ወንበር እስኪገኝ መጠበቁን ትተን፥ የምናውቀውን ሙያ ለሚፈልገው ሁሉ ለማቅረብ ቈረጥን። የመጀመሪያው ደንበኛችን መዝገቡ የተዘበራረቀበት የሩዝ ነጋዴ ነበር። እርሱም ለሌላው፥ ሌላውም ለሦስተኛው ነገረ፤ ሰኔም ሲደርስ የልጃችንን ኪራይ የሚችል ገቢ ተገኘ። እርሷም በ2015 ዓ.ም. ትምህርቷን ፈጸመች። ገቢያችን እስከ ዛሬ የቀድሞውን ደመወዝ አላከለም፤ ነገር ግን የቤታችን ማዕድ አልታጠፈም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን ሆይ፥ ከጎረቤታችሁ ሥራ ያጣ ሰው ቢኖር ባገኛችሁት ቁጥር «እስካሁን ሥራ አላገኘህም?» እያላችሁ ቁስሉን አትንኩበት። ይልቁንም ቡና ሲፈላ ጥሩት፤ የሚያውቀውን ሙያ ለሚያስፈልገው ሰው ንገሩለት። ለእኛ ሥራ ያስገኘልን አንድ ጎረቤት ለዚያ ነጋዴ የተናገረልን ጥቂት ቃል ነበርና።