የአሮጌይቱ ላንድሮቨር መሪ

የላንድሮቨር መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር ስትወጣ፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት አጥሮ ነበርና አካሏ በአሉሚኒየም ተሠራ። ስለዚህ በባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ሰፈር በግቢያችን የምትኖረው አሮጌ መኪናችን ቆዳዋን ዝገት አያውቀውም፤ ከሥሯ ያለው ብረት ግን ያልቃል።

እናታችንን በሰከላ ወደሚገኘው የግሽ ዓባይ ጠበል ልንወስዳቸው ቀን ከቈረጥን በኋላ መሪዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጄ በኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ አስደግፎ፣ የፊቱን በክሪክ አነሣና ከሥሩ ወፍራም ግንድ አስገባ። (አንባቢ ሆይ፣ ክሪክ ብቻውን አይታመንም።) ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ብንነቀንቀው ጸና፤ ኩሽኔታው ደኅና ነው ማለት ነው። ቀኝና ግራውን ይዘን ብንነቀንቀው ግን ተንቋቋ፤ ያለቀው የመሪው ቴስቲና ነበረ።

አንድ ጎረቤታችን «በብየዳ ይሞላ እንጂ ለአሮጌ ብረት ምን ገንዘብ ያስወጣል» አሉን። እኔ አልተቀበልሁም። እንዲህ ያለው ብረት በብየዳ እሳት ጥንካሬውን ያጣል፤ በቍልቍለት ላይ ቢሰበር ጎማው ለመሪው አይታዘዝም። አዲስ ገዝተን አሰርን፤ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘውንም ቀጭን ሽቦ በአዲስ ለወጥን። የጎማዎቹን አቅጣጫ ግን ባለሙያ ለካልን፤ ይህን በዓይን መገመት አይቻልምና።

ጉዞው አንድ ሳምንት ዘገየ። እናታችን ቅር ቢላቸውም፣ በመጨረሻ ከፊት ወንበር ካልተቀመጥሁ አልሄድም አሉ።