የድሮ ቃል በዛሬ ሚዛን

በስልካችሁ ላይ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቋንቋው ግርማ አለው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በንባባችሁ የሚያሳስታችሁ የማታውቁት ቃል አይደለም። እርሱን መዝገበ ቃላት ገልጣችሁ ታገኙታላችሁ። የሚያሳስተው የምታውቁት የሚመስላችሁ ቃል ነው።

«ሌት» የሚለውን እንውሰድ። ዛሬ መፍቀድ ማለት ነው። በኪንግ ጄምስ ሮሜ 1፥13 ላይ ግን ጳውሎስ ወደ ሮም ሊሄድ ብዙ ጊዜ አስቦ እንደ ተከለከለ የሚናገረው በዚሁ ቃል ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ የመፍቀድና የመከልከል ቃላት ሁለት ነበሩ፤ በዘመን ብዛት ድምፃቸው አንድ ሆነ። በሼክስፒር ተውኔትም ሐምሌት የሞተውን አባቱን መንፈስ ሊከተል ሲነሣ ጓደኞቹ ይይዙታል፤ እርሱም በሚከለክለው ሰው ላይ የሚዝተው በዚህ ቃል ነው።

«ፕሪቨንት»ም እንዲሁ ነው። ዛሬ ማገድ ማለት ሲሆን በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15 ግን መቅደም ነው።

የቃል አሮጌ ትርጉም የሚታወቀው አብሮት ከተጻፈው ነገር ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። አዘጋጁ ጄምስ መሬይ እ.ኤ.አ. በ1879 ለአንባቢዎች ጥሪ አቀረበ። በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች መጻሕፍትን እያነበቡ፣ ቃሉ የገባበትን ዓረፍተ ነገር በትንሽ ወረቀት ላይ እየገለበጡ ላኩለት። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ወጣ፤ ሥራው የተፈጸመው በ1928 ነው። መሬይ በ1915 ስላረፈ ፍጻሜውን አላየም።

ይህ ሁሉ ለቋንቋ ምሁራን ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዱ ከቡድን መሪዎች ዝርዝር ስሙ እንዲሰረዝ ጠየቀኝ። ሲናገር ይንተባተባል። ምክንያቱን ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ 1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥12ን በእንግሊዝኛ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ጳውሎስ ወጣቱን መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ ደግሞ በንግግር ምሳሌ ሁን ይለዋል። ሁለት ጊዜ! እኔ አንዱንም አልችልም።»

«ንግግር» ብሎ የተረዳው «ኮንቨርሴሽን» የሚለውን ቃል ነበር። የአማርኛውን የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ከፈትንና በዚያ ቦታ ያለውን ቃል በጣቱ አስነካሁት፦ «በኑሮ»። የእንግሊዝኛው ቃል መነሻው ላቲን ነው፤ ከሰዎች ጋር አብሮ መኖርን ያመለክት ነበር። በ1611 ተርጓሚዎቹ የጻፉት ስለ አነጋገር ሳይሆን ስለ አኗኗር ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው «ቻሪቲ»ም ዛሬ ምጽዋት ይመስላል፤ በዚያ ግን ፍቅር ነው።

ዝም ብሎ ቆየና፣ «በቃል የሚለውስ?» አለኝ። እርሱማ አለ። ነገር ግን መንተባተብ ውሸት አይደለም፤ እየተንተባተበ እውነት የሚናገር ሰው በቃሉ ምሳሌ ነው። ኑሮውንማ ቡድኑ ሁሉ ያውቃል፤ የታመመ ሲኖር ቀድሞ ሄዶ የሚጠይቅ እርሱ ነው። ስሙ ከዝርዝሩ አልወጣም።

እንግዲህ ወጣቶች፣ በአንድ ቃል ላይ ውሳኔ ከመመሥረታችሁ በፊት፣ በተለይ ራሳችሁን ወይም ወንድማችሁን ልትፈርዱበት ስትሉ፣ ቃሉ በተጻፈበት ዘመን ምን ይል እንደ ነበር ጠይቁ። በፊቱና በኋላው ያለውን አንብቡ። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ መልሱ በእጃችሁ ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባችሁ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ማርቆስ 10፥14ን በኪንግ ጄምስ አንብቡ። ጌታ ስለ ሕፃናቱ ሲናገር የገባው «ሳፈር» የሚለው ቃል ዛሬ መሠቃየት ማለት ነው። ያን ጊዜስ ምን ማለት ነበር? መዝገበ ቃላት ሳትከፍቱ፣ ደቀ መዛሙርቱ ያደረጉትንና ጌታ ያደረገውን ብቻ ተመልክታችሁ መልሱን ፈልጉ።