ግምት ብር በሚያስወጣበት ከተማ

ኮድ ስጽፍ መገመት ነጻ ነው። አንድ መስመር ቀይሬ አስኬደዋለሁ፤ እምቢ ካለ እመልሰዋለሁ። አሥር ጊዜ ብገምት የሚሄደው አሥር ደቂቃ ነው። ኢተያ ላይ አሮጌ ላዳ አልነሳ ስትል ግን እያንዳንዱ ግምት ብር ያስወጣል።

ኢተያ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የስንዴ አገር ናት። ትራክተሩም ኮምባይነሩም ናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው የታመቀው አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ ለድሮ ቤንዚን መኪና ዕቃ ፍለጋ አዳማ መውረድ አለ፤ የዕቃው ዋጋ፣ ትራንስፖርቱ፣ የባከነው ቀን።

የአጎቴ ላዳ ክረምቱን ደጅ ቆማ ከርማ መስከረም ላይ አልነሳ አለች። የዕለት ሥራው በእሷ ነው። አንዱ "ቦቢናውን ቀይር" አለው፣ ሌላው "ካርቡራተሩ ነው"፣ ሦስተኛው "ሽጣትና ተገላገል"። አጎቴ የሦስተኛውን ምክር ማሰብ ጀምሮ ነበር።

በመጨረሻ የመጡት አዛውንት መካኒክ ግን ምንም ግዙ አላሉም። "መጀመሪያ ንጹሑን ከተጠርጣሪው እንለይ" አሉና ቁልፉን አስዞሩኝ።

ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ ያዞራል፤ ባትሪው ደህና ነው። ካንዴላ ፈቱ፤ ጫፉ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ነዳጅ ይደርሳል። ካንዴላውን ከሽቦው ጋር አድርገው ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነኩና "አዙር" አሉ። ብልጭታ የለም። ቀጥለው ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ነቀሉና ጫፉን እጀታው በተሸፈነ ፒንሳ ብረት አጠገብ ያዙት። አሁንም የለም። በዚህች ሙከራ ካንዴላዎቹ፣ ሽቦዎቻቸውና የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ከጥርጣሬ ወጡ። ችግሩ ከእነሱ በፊት ነው።

ከዚያ የ12 ቮልት አምፖል አወጡ። አንዱን ጫፍ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን ከቦቢናው ወደ ፑንቲናው ከሚሄደው ሽቦ ጋር አገናኙ። ሞተሩ ሲዞር ፑንቲናው ይገጥምና አምፖሉ ይጠፋል፤ ይለያይና ይበራል። የእኛ አምፖል ግን እንደበራ ቀረ።

"ኤሌክትሪኩ ቦቢናውን አልፎ መጥቷል፤ እዚህ ግን የሚያሳልፈው አጣ" አሉ።

ክዳኑ ሲከፈት የፑንቲናው ሁለት ፊቶች ጠቁረዋል፤ የክረምት እርጥበት ሥራ ነው። ቦቢና የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ሺዎች የሚያሳድገው ፑንቲናው ገጥሞ በድንገት ሲለያይ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ይህን ዘዴ ለመኪና ካበቃው ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ካልገጠመ የሚለያይ የለም፤ ከሌለ ደግሞ አዲስ ቦቢናም ያው ዝም ነው።

በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠረጉት፣ ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር ላይ አሰሩት። ላዳዋ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች።

ከመካኒኩ የወሰድኩት አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሙከራ ማንን ነጻ ያወጣል? ማንንም ነጻ የማያወጣ ሙከራ ዕቃ መቀያየር ብቻ ነው። ብዙ አሮጌ መኪና በቁራጭ ብረት ዋጋ የሚሸጠው ሞቶ ሳይሆን በሥርዓት የሚጠይቀው አጥቶ ይመስለኛል።